«ነበር» እያልኩ የተረጎምኩት ድራማ

በሰኔ መጨረሻ አንድ ማታ መብራት የሄደብን ሎስት በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ላይ ጆን ሎክ የተባለው ሰውዬ መሬት ውስጥ የተቀበረውን የብረት ክዳን በእጁ እየደበደበ ሲያለቅስ ነው። ድራማውን ያየ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል፤ ከክዳኑ መስታወት ሥር ድንገት መብራት ይበራል። የእህቴ ልጅ ያንን መብራት ሳታይ የእኛ ቤት ጨለመ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል፤ ከታች አዌቱ ሞልቶ ይጮኻል፤ ልጅቷ ደግሞ ትራስ አቅፋ «አክስቴ፣ ውስጡ ምንድን ነው ያለው? ንገሪኝ!» ትላለች።

እናቴ ሻማ ለኩሳ ጠረጴዛው ላይ አቆመችና «እንቆቅልሽ» አለች።

«ምን አውቅልሽ» አለች ልጅቷ፣ ሳትወድ በግድ።

«ሲሄድ ውሎ፣ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?»

የልጅቷ ልብ ክዳኑ ጋ ስለነበር አላወቀችውም። «እንግዲያውስ አገር ስጪኝ» ተባለች። «ጅማን አልሰጥም፤ አጋሮን ውሰጂ» አለች። እናቴ አጋሮን ከነቡናው ተቀበለች፣ ጥቂት ኮራችባት፣ ከዚያም መልሱን ነገረቻት። «ወንዝ ነዋ! ይኸው ከታች ሲሄድ አይሰማሽም?»

ይህን ጨዋታ ሁላችንም ተጫውተን አድገናል፤ ሕጉን ግን ቆም ብዬ ያሰብኩበት ያን ማታ ነው። መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል። አገሩን የተቀበለ ደግሞ መልሱን የመናገር ግዴታ አለበት። አገር ተቀብሎ ዝም የሚል ጠያቂ ቢኖር በማግስቱ ማንም አብሮት አይጫወትም። እኔ ስለዚህ ድራማ ከሰው ጋር ስከራከር የኖርኩት ለካ በዚህ ሕግ ነው። ሎስት ከተመልካቹ ብዙ አገር ተቀብሏል። መልሱን ተናግሯል ወይ?

(ያላየው ሰው ካለ ከዚህ በታች ያለውን ባያነብ እመርጣለሁ። የሚጠብቀውን ነገር ልቀማው አልፈልግም።)

ድራማው በአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. መስከረም 22 ቀን 2004፣ በእኛ መስከረም 12 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ከሲድኒ ወደ ሎስ አንጀለስ የሚበር የኦሺያኒክ 815 አውሮፕላን ሰማይ ላይ ተሰብሮ ማንም በማያውቀው ደሴት ላይ ይወድቃል። በሕይወት የተረፉት የአውሮፕላኑን ስብርባሪ ይዘው ባሕር ዳር ይሰፍራሉ። ጫካው ውስጥ ዛፍ የሚነቅል ነገር አለ። የዋልታ ድብ አለ። ከእነርሱ በፊት የመጡ ሰዎች አሉ። ታሪኩ 6 ምዕራፍ ዘልቆ ያለቀው እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 2010 እሑድ ሲሆን፣ ቀኑ በእኛ ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ አገራችን ጠቅላላ ምርጫ ያካሄደችበት ዕለት ነበር። ጅማ ውስጥ በዚያ ቀን ስለ ደሴቱ ያሰበች ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እኔ ያገኘሁት በ2000 ዓ.ም. ክረምት፣ ከጅማው መርካቶ አጠገብ ከነበረች አንዲት ፊልም ማከራያ ቤት ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ዲስኩ በ2 ብር ይከራያል። ቴሌቪዥኑ የእኛ፣ ማጫወቻው የጎረቤታችን ነበር። ጎረቤታችንን አዴ እያልኩ ነው የምጠራት። ማታ ማታ ማጫወቻውን በነጠላ ጠቅልላ በዝናብ ትመጣለች፤ ባለ ሦስት እግር በርጩማዋን ስባ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ እናቴ ቡና ታፈላለች፤ እኔ እተረጉማለሁ። እንግሊዝኛ የምሰማው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያኔ ያልገባኝን ከራሴ እየጨመርኩ፣ የገባኝን እያሳጠርኩ፣ ዝናቡ ሲበረታ እየጮኽኩ ነው የተረጎምኩት። ዛሬ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ስለ ልብ ሰቀላ፣ ስለ ምልሰት (ታሪኩ ወደ ኋላ ሲመለስ) እና ስለ ንግር (የሚመጣውን አስቀድሞ መጠቆም) ሰሌዳ ላይ ስጽፍ በዓይኔ የሚመጣው የመማሪያ መጽሐፉ ምሳሌ አይደለም፤ ያ ሳሎን ነው።

እናቴ የደሴቱን ጫካ እንዳየች «ይህማ የጌራ ጫካ ነው» አለች። የተቀረጸው ሃዋይ ውስጥ በኦአሁ ደሴት ላይ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ኮሪያ የተባለውም፣ ኢራቅ የተባለውም ቦታ አብዛኛው እዚያው ደሴት ላይ የተሠራ ነው። ለእኛ ግን ጌራ ሆኖ ቀረ። ጭጋጉ የእኛ ጭጋግ ነበር።

የመጀመሪያው ትልቅ ክርክር የተነሣው በአራተኛው ክፍል ላይ ነው። የሞቱት ሰዎች ሬሳ በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ሌሊት ከርከሮ ይመጣበታል። ሐኪሙ ጃክ ሬሳው ከነአውሮፕላኑ ይቃጠል ይላል። ኢራቃዊው ሰይድ ይቃወማል፤ የሟቾቹ ሃይማኖት፣ የሟቾቹ ፈቃድ ሳይታወቅ እንዴት ይሆናል? ይህን ስተረጉም አዴ ስኒዋን አስቀመጠች። «ልክ ነው ልጁ» አለች። «ከመካከላቸው እስላም ቢኖርስ? እስላም አይቃጠልም።» እናቴ ደግሞ፣ «ክርስቲያንስ ይቃጠላል እንዴ? ዕድር የሌለበት አገር ወድቀው ነው እንጂ!» አለች። ሁለቱም ከሰይድ ጋር ቆሙ። ጃክ ግን አቃጠለ። እሳቱ ሲነድ ነፍሰ ጡሯ ክሌር ከሻንጣና ከፓስፖርት ያገኘችውን እያነበበች የሟቾቹን ስም ጠራች። እናቴ እንባዋን ጠረገችና፣ «ስማቸውን መጥራቷ ደግ አደረገች» አለች።

በሕይወት ስለ መትረፍ የተሠራ ድራማ ሁሉ ስለ ውሃ፣ ስለ ምግብና ስለ አውሬ መናገሩ አይቀርም። ይህኛው ከአራተኛው ክፍል ጀምሮ የጠየቀው ግን ማን ማንን ይቀብራል የሚለውን ነው። አንድ ላይ መኖር ያልቻለ ብቻውን እንደሚሞት ጃክ በአምስተኛው ክፍል ለሁሉም ይናገራል። ንግግሩን ስተረጉመው የአሜሪካ ሰው ንግግር አልመሰለኝም፤ የዕድር ሊቀ መንበር ንግግር መሰለኝ። እነዚህ ሰዎች አይተዋወቁም። አንዱ ወንጀለኛ ነው፤ አንዷ በካቴና ታስራ የምትጓዝ ነበረች፤ አንዱ ሎተሪ አሸንፎ ገንዘቡ መዓት ያወረደበት ነው። ማንም የማንን ዘር ሳይጠይቅ ሬሳ ያነሣሉ።

አሁን ወደ ሎክ ልመለስ፤ ልነግራችሁ የፈለግኩት እርሱን ነውና።

ያው አራተኛው ክፍል በምልሰት የሎክን የቀድሞ ኑሮ ያሳያል። ካርቶን የሚያመርት ድርጅት ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ ነው። አለቃው ያንቋሽሸዋል። በአውስትራሊያ በረሃ በእግር የመጓዝ ሕልም አለው። ቢሮ ተቀምጦ እናየዋለን፤ ምሳ ሰዓት ተቀምጦ ሲጫወት እናየዋለን፤ አልጋው ላይ ሆኖ በስልክ ሲያወራ እናየዋለን። በመጨረሻ አስጎብኚው አንወስድህም ይለዋል። ሎክ ይጮኻል፤ ካሜራው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው። በደሴቱ ላይ ከርከሮ ሲያድን ያየነው፣ ቢላዋ ሲወረውር ያየነው ሰው ለአራት ዓመት መራመድ የማይችል ሰው ነበር።

ያን ማታ ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ እናቴ የተናገረችው ነገር የድራማ ትምህርቴ መጀመሪያ ነው፤ «ተቀምጦ ነበር እኮ! ሁልጊዜ ተቀምጦ ነበር፤ እኛ ነን ያላየን።»

ሁለት ዓይነት ምስጢር አለ። አንደኛው የሚያስጠብቅ ምስጢር ነው፤ ክዳኑ ሥር ምን አለ፣ ዛፍ የሚነቅለው ምንድን ነው፣ ድቡ ከየት መጣ። መልሱ እስኪመጣ እንጠብቃለን፤ መጥቶ ካየነው በኋላ ያለቀ ነገር ነው። ሁለተኛው ያየነውን ሁሉ መልሶ የሚያሳየን ምስጢር ነው። የሎክ ወንበር ሲገለጥ በዚያው ክፍል መጀመሪያ ላይ ባሕር ዳር ወድቆ የእግሩን ጣቶች ያየበት አኳኋን ትርጉሙ ይለወጣል። ዝናብ ሲዘንብ ፊቱን ወደ ሰማይ አንሥቶ የተደሰተው ትርጉሙ ይለወጣል። ከስብርባሪው መካከል ባዶውን ተሽከርካሪ ወንበር ሲመለከት፣ ለሌላው ሰው ዕቃ የሆነው ለእርሱ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ምንም አዲስ ነገር አልተጨመረም፤ ሁሉም ፊታችን ነበር። ለተማሪዎቼ ንግር ስል ይህንን ማለቴ ነው። ጠቋሚው ነገር መደበቅ የለበትም፤ መታየት አለበት፤ ታይቶ ግን መታለፍ አለበት።

ሎስት የሚያስጠብቀውን ምስጢር ሲያበዛ ደክሞ አይቼዋለሁ። ሦስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ሰዎቹ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ታስረው የሚቀመጡባቸው ክፍሎች፣ በተለይም የጃክን ንቅሳት ታሪክ የሚነግረው ክፍል፣ ዛሬም ሲያልፉ የምዘልላቸው ናቸው። ልዩ ኃይል ያለው መስሎ የቀረበው ልጅ፣ ዋልት፣ ሜዳ ላይ ቀርቷል። በታሪኩ ውስጥ ሳምንታት ሲያልፉ ተዋናዩ ልጅ በእውነተኛው ዓለም ቁመቱ ያድግ ነበርና ሊያቆዩት አልቻሉም። ምክንያቱን ብረዳም አገሬን ግን ተቀብለውኛል፤ መልሱን አልሰጡኝም። ይህንን ዕዳ እስከ ዛሬ አልተውኩም።

መድከማቸው ደግሞ ምንጭ አለው። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ተመልካች እስካለ ድረስ ታሪኩ እንዲያልቅ አይፈልግም ነበር። ጸሐፊዎቹ ሩጫው የት እንደሚያበቃ ሳያውቁ ሲሮጡ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ድራማው በ2010 እንዲያበቃ ተወሰነላቸው። ዴመን ሊንደሎፍና ካርልተን ኪዩስ ከዚያ ወዲያ መጨረሻውን እያዩ ነው የጻፉት። ልዩነቱ ይታያል። ጾም የያዘ ሰው የሚፈስክበትን ቀን ካወቀ ይችለዋል፤ መቼ እንደሚያበቃ የማይታወቅ ጾም ግን ረኃብ ነው።

ስለ ትርጉም የጀመርኩትን ልጨርስ። ሱንና ጂን የተባሉት ኮሪያውያን ባልና ሚስት ሲነጋገሩ በእኛ ዲስክ ላይ ምንም የግርጌ ጽሑፍ አልነበረም። ሁሉም ዞረው እኔን ያያሉ፤ እኔ አላውቅም። አዴ ግን «ተይው ልጄ፣ የባልና ሚስት ጠብ ትርጉም አይፈልግም» አለችኝ። ወዲያው በስድስተኛው ክፍል ሱን ከባሏ ተደብቃ እንግሊዝኛ ተናገረች። ለካ ሰው የሚለውን ሁሉ ስትሰማ ነበር። እኔ በሁለትና በሦስት ቋንቋ መካከል ቁጭ ብላ የምታድር ልጅ ነበርኩና፣ ሁሉንም ሰምቶ ዝም ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን አንድ ሰው በቴሌቪዥን የነገረልኝ መሰለኝ።

ከዚያ ሦስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ መጣ። በየክፍሉ የአንድ ሰው የቀድሞ ኑሮ ስለሚታይ፣ ምልሰት በመጣ ቁጥር «ይህ ድሮ ነው» ብዬ እጀምርና በ«ነበር» እሄዳለሁ። «ሐኪም ነበር። ሚስት ነበረችው።» አማርኛ ደግሞ ጊዜውን በግሡ ላይ ካልቆረጡ አያስኬድም። በመጨረሻው ክፍል ጃክ ጢሙን አሳድጎ፣ ሰክሮ፣ ከድልድይ ሊዘል ሲል ይታያል። እኔም እንደ ልማዴ፣ «ድሮ መጠጥ ይጠጣ ነበር፤ ራሱን ሊያጠፋ ነበር» እያልኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ተረጎምኩ። ከዚያ ሌሊት ከአውሮፕላን ማረፊያ አጥር አጠገብ አንዲት ሴት ከመኪና ወረደች፤ ኬት ናት። ደሴቱ ላይ ያወቃት ኬት። ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። እናቴ «ምን አለ?» ትላለች። አዴ «ምን አለ ልጄ?» ትላለች። ያየነው ድሮ አልነበረም፤ ከደሴቱ ከወጡ በኋላ የሚመጣ ነበር። ወጥተዋል፤ ጃክም ወደ ደሴቱ መመለስ እንዳለባቸው እየለመናት ነው።

«አሳስቻችኋለሁ» አልኳቸው። «ነበር አይደለም፤ ይሆናል ነው። ሁሉንም ነበር ያልኩትን ይሆናል በሉት።»

አዴ ለረጅም ጊዜ ቴሌቪዥኑን አይታ፣ «እንግዲያው መውጣታቸው አልጠቀማቸውም» አለች። ያን አንድ ዓረፍተ ነገር ለማስረዳት ጸሐፊዎቹ ከዚያ በኋላ ሦስት ምዕራፍ ፈጅተዋል።

ከሁሉም በላይ ግን አብረን ያለቀስንበት በአራተኛው ምዕራፍ አምስተኛው ክፍል ነው። ዴዝሞንድ የተባለው ሰው አእምሮው በእ.ኤ.አ. 1996 እና 2004 መካከል እየተወረወረ ሊሞት ደርሷል። የሚያድነው በሁለቱም ጊዜ የሚያውቀው አንድ ሰው ማግኘት ብቻ ነው። በ1996 ወደተለያት ፍቅረኛው ወደ ፔኒ ሄዶ ስልክ ቁጥሯን ይለምናታል፤ ስምንት ዓመት ቁጥሩን እንዳትቀይሪ፣ በ2004 በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ እደውላለሁ ይላታል። ዕብድ መስሏታል። ከስምንት ዓመት በኋላ ባሕር ላይ ካለ መርከብ፣ ሊያልቅ በደረሰ ባትሪ ይደውላል። ስልኩ ይጠራል። ታነሣዋለች።

ይህን ክፍል አልተረጎምኩም፤ ማንም ተርጉሚ አላለኝም። አክስቴ ቤሩት በነበረችባቸው ዓመታት በሰፈራችን ስልክ ያለው አዴ ቤት ብቻ ነበር። አክስቴ «ለገና እደውላለሁ» ብላ ሄዳለች። ታኅሣሥ 29 እናቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዋን ሳትቀይር አዴ ቤት ገብታ ስልኩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ አዴ የራሷ በዓል ባይሆንም ቡና አፍልታ አብራት ትጠብቃለች። አንዳንድ ገና ይጮኻል። አንዳንድ ገና አይጮኽም። ፔኒ ስልኩን ስታነሣ ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር። ጊዜ እንዴት እንደሚዘለል፣ አእምሮ እንዴት ከዘመን ዘመን እንደሚሄድ ማብራራት አላስፈለገኝም።

መጨረሻው በ2002 ሐምሌ ነው ጅማ የደረሰልኝ። ብዙ ሰው ተናዷል። ከመጀመሪያው ሁሉም ሞተው ነበር ብሎ የተረዳው ደግሞ ብዙ ነው፤ ይህ ስሕተት ነው። ድራማው ራሱ በግልጽ ይናገረዋል፤ በደሴቱ ላይ የሆነው ሁሉ እውነት ነው፤ እያንዳንዱ በየጊዜው ሞቷል፤ አንዳንዱ ከጃክ በፊት፣ አንዳንዱ ከብዙ ዓመት በኋላ። በመጨረሻ የሚገናኙበት ቤት መስኮቱ ላይ የተለያዩ ሃይማኖቶች ምልክት አለ። አዴ የጨረቃውን ምልክት አይታ ለእናቴ አሳየቻት። በደሴቱ ላይ ሬሳው ያለ ሃይማኖቱ ተቃጥሎ ነበር፤ እዚህ ግን ሁሉም ከነሃይማኖቱ ተጠራ። ጸሐፊዎቹ ይህን አስበው ይሁን ሳያስቡት፣ በእኛ ሳሎን የአራተኛው ክፍል ክርክር የተዘጋው እዚያ ላይ ነው።

ጃክ ቆስሎ ወደ ቀርከሃው ጫካ ይሄዳል። የመጀመሪያው ክፍል የተጀመረው እዚያው ወድቆ ዓይኑን ሲከፍት ነው። ይተኛል። ቪንሰንት የተባለው ውሻ ከጫካው ወጥቶ አጠገቡ ይጋደማል። የማይክል ጂያኪኖ ሙዚቃ ዝቅ ይላል (ከበሮ መሳይ ድምፆቹን የሠራው የአውሮፕላን ስብርባሪ እየመታ መሆኑን ካወቅኩ ወዲህ ሙዚቃውን በሌላ ጆሮ ነው የምሰማው)። ዓይኑ ይከደናል። እናቴ፣ «ብቻውን አልሞተም» አለች። በአምስተኛው ክፍል የተረጎምኩላትን ንግግር ሁለት ዓመት ሙሉ ይዛው ኖራለች።

መልስ ተቀበልኩ የምለው ይህንን ነው። ስለ ደሴቱ ብርሃንና በታሪኩ ውስጥ ደጋግመው ስለሚመጡት ቁጥሮች ያገኘሁት መልስ ግማሽ ነው፤ 4፣ 8፣ 15፣ 16፣ 23፣ 42 ሲደመሩ 108 እንደሚሆኑና ከብረት ክዳኑ ሥር ያለው ቁልፍ በየ108 ደቂቃው እንደሚጫን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ለምን እነርሱ እንደሆኑ ግን ብዙም አላረካኝም። ስለ ሰዎቹ የሰጠሁት አገር ግን በሙሉ ተመልሶልኛል።

በዚህ ክረምት ከልጅቷ ጋር ዳግም ስጀምር አንድ ያላወቅኩት ነገር አገኘሁ። ጫካው ውስጥ ሹክሹክታ አለ። ሰዎች ሲንሾካሾኩ ይሰማል፤ በስድስተኛው ምዕራፍ የማን ድምፅ እንደሆነ ይነገራል፤ ከደሴቱ መሄድ ያልቻሉ ሙታን ናቸው። ያኔ መልሱን ስተረጉም ሁላችንም ግራ ገብቶን ነበር፤ «የትኛው ሹክሹክታ?» ተባባልን። አሁን በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ አለ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሸፍኖብን ነው። ጥያቄውን ሳንሰማ መልሱን ተቀብለናል።

አዴ ከሁለት ዓመት በፊት ዐርፋለች። የቀብሯ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ እናቴ ከልጆቿ እኩል ተቀምጣ ነበር። በርጩማዋን ልጆቿ ለእናቴ ሰጥተዋታል፤ የእህቴ ልጅ አሁን የምትቀመጠው እርሱ ላይ ነው። እንግሊዝኛዋ በዚያ ዕድሜ ከነበረኝ ይሻላል፤ ለአያቷ የምትተረጉመው እርሷ ናት። እኔ ቡና አፈላለሁ።

ትናንት ማታ ሦስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ደረስን። ጃክ ጢሙን አሳድጎ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ ታየ።

«ይህ ድሮ ነው፣ እማማ» አለች ልጅቷ። «ድሮ ጢም ነበረው። ይጠጣም ነበር።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። ስኒዋን አቀበልኳት።

«እሺ» አለቻት እናቴ፣ «ከዚያስ?»